የአዴ አስካለ የበር ላይ ጥያቄ

አዴ አስካለን በጥቅምት ማለቂያ ላይ ቀበርናቸው። ጊንጪ ያለነው ሁላችንም ቆመን ሸኝተናቸዋል። በቤታቸው የበላችሁ ብዙዎች ግን ወደ አምቦ፣ ወደ ሸነን፣ ወደ አዲስ ዓለምና ከዚያም አልፋችሁ ስለሄዳችሁ፣ መርዶው ያልደረሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ልባቸው ደክሞ ጥቂት ሳምንታት ከተኙ በኋላ፣ አንድ ልጃቸው ሰናይት እጃቸውን ይዛ፣ በጠዋት አረፉ። ምን ተናግረው አረፉ ለምትሉ፣ ሰናይት እንደነገረችኝ የመጨረሻ ንግግራቸው ስለ ሾርባ ነበር። አንድ ማንኪያ ቀመሱና ፊታቸውን አጨፍግገው «ይኼ ለማን ነው የተሠራው? እኔ ጨው ተከልክያለሁ አላልኩም?» አሉ። ከዚህ ዓለም የተለዩት እንደኖሩት ነው፤ ተናድደው።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለሥራ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ በግቢያቸው ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንደኛዋ ኖሬአለሁ። ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ እሳቸው ግን ይህን ጠባዬን አይወዱልኝም ነበር። ማዕድ ላይ አንድ ነገር ላብራራ አፌን ስከፍት «አንተ መምህር፣ ወጡ ይቀዘቅዛል» ይሉኝ ነበር። ዛሬ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ደስ ግን አላለኝም።

አዴ አስካለ ባልትና በትምህርት ቤት ይሰጥ በነበረበት ጊዜ የባልትና መምህርት ነበሩ። ትምህርቱ ሲቀር ሌላ ሌላ ነገር እያስተማሩ ቆይተው ጡረታ ወጡ፤ ባልትናውን ግን ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ። እሑድ እሑድ በራቸው ክፍት ነበር። አዲስ የተመደበ መምህር፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከጭልሞ ደን የሚመጣ ባለሙያ፣ በከተማው ዘመድ የሌለው ሁሉ እዚያ ይበላል። ሌላ ቤት «ኖር፣ ግቡ፣ ግቡ» ተብሎ በሚገባበት ቦታ ላይ ግን አዴ አስካለ በሩን ይዘው ይቆማሉ። እንግዳውን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። ከዚያም «የማይስማማህ ምንድን ነው?» ይላሉ።

ጨዋ ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። «ኧረ ምንም፤ ሁሉ ይስማማኛል» ይላል። አዴ አስካለን እንደዚህ መልስ የሚያናድዳቸው ነገር አልነበረም። «ሁሉ የሚስማማው ሰው ገና አልተፈጠረም» ይላሉ። «ከመብላትህ በፊት ንገረኝ፤ ከበላህ በኋላ የምትናገረው ለሐኪም ነው።» ከኋላ የተሰለፍነው ርቦናል፤ ሽታው እስከ በር ድረስ ይመጣል፤ እሳቸው ግን ሰውየው አንድ ነገር እስኪያምን ድረስ ከበሩ ንቅንቅ አይሉም። አንድ የግብርና ባለሙያ ለመገላገል ብሎ «እሺ፣ ዱባ» ብሎ ዋሽቶ ገባ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ዱባ አልቀረበለትም። ዱባ ነፍሱ እንደሆነ የነገረኝ ተዛውሮ ሲሄድ፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ነው።

እንዴት እንደሚያስቡ ላስረዳ። ሰውነት የሚከለክለው ምግብ አለ፣ እምነት የሚከለክለው አለ፣ አፍ የሚከለክለው አለ። ሰውነት ለከለከለው ሰው ሌላ ድስት ይጥዳሉ። እምነት ለከለከለው ሌላ ድስት፣ ሌላ ጭልፋና ሌላ ሳሕን ያቀርባሉ፤ ለሙስሊም እንግዳ የራሱ ሰው ያረደውን ያስመጣሉ። አፍ ብቻ ለከለከለው፣ ጎመን ለማልወደው ለእኔ ማለት ነው፣ «አንተ ከአፍህ ጋር ተነጋገር» ይላሉ። ይህን ብለው ሲያበቁ ግን ድንች ሠርተው፣ እያጉረመረሙ፣ ሳሕኑን ፊቴ ጠብ አድርገው ያስቀምጡልኛል። አንድም ቀን ሳያጉረመርሙ አልሰጡኝም። አንድም ቀን ደግሞ አልረሱኝም።

ያደክሙ ነበር፤ መታሰቢያ ስለሆነ ብዬ ይህን አልደብቅም። ያደክሟቸውም ነበር። አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ስሙን አልጽፍም፣ ራሱን ያውቃል። «ጨጓራዬ በርበሬ አይችልም» ብሎ ለብቻው አልጫ ሲሠራለት ከረመ። ከዚያ በፋሲካ ሰሞን በአንድ ሥጋ ቤት በር ሲያልፉ፣ ጥሬ ሥጋውን ሚጥሚጣ ውስጥ እየነከረ ሲጎርስ አገኙት። በማግስቱ እሑድ ሲመጣ በሩ ላይ ያዙትና «ጨጓራህ ከሚጥሚጣ ጋር ታረቀ? እንኳን ደስ ያለህ!» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ግን አልጫው እንደተለመደው ፊቱ ነበር። እኔ ተናድጄ «አዴ፣ ዋሽቷል እኮ!» ስላቸው «አዎ፣ ዋሽቶ ይሆናል። ካልዋሸስ?» አሉኝ።

ስለ ጭልፋዎቹም ልናገር። እያንዳንዱ ጭልፋ እጀታው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታስሮበታል፤ እያንዳንዱ ድስት የራሱ ጭልፋ አለው። ከአንዱ ድስት አውጥቶ ሌላው ውስጥ የከተተ ሰው ይጮኽበታል፤ ያ ድስትም ሊጎዳው ከሚችለው ሰው ፊት ተነሥቶ እንደገና ይሠራል። እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ፤ ክሮቹን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሲርበኝ ግን ደስ አይለኝም። ሰውን ሁሉ አስቀምጠው አንድ ጭልፋ ስለተሳሳተ እንደገና ሽንኩርት ሲከትፉ ማየት፣ እውነቱን ልናገር፣ የሚያስለቅስ ነገር ነው።

የዚህን ሁሉ ምክንያት የተረዳሁት በአንድ ዓርብ ቀን ነው።

ሰናይት ከቶሌራ ጋር ለመጋባት ተስማምታ ነበር። ቶሌራ እዚሁ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው፤ ቤተሰቦቹ ሸነን ያሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። አባቱ አርፈዋል። እናቱ አዴ ጫልቱ ከዘመዶቻቸው ጋር መጥተው ለመተዋወቅ የሚመቻቸው ዓርብ ብቻ ሆነ። በአዴ አስካለ ቤት ዓርብ ጾም ነው። አዴ አስካለ ቀደም ብለው ስልክ ደውለው «ለእናንተ የፍስኩን በሌላ ድስት እሠራለሁ» ቢሉ፣ ከወዲያ በኩል «ኧረ አትልፉ፣ የቀረበውን እንበላለን» ተባለ። ስልኩን ዘግተው «ይሉኝታ!» አሉ፤ አንድ በሽታ የጠሩ ይመስል።

በሰናይት አባት ቦታ የተቀመጡት የአዴ አስካለ ወንድም ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ አዲስ ዓለም የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቶሎ ይስቃሉ፣ ከዚያ በበለጠ ቶሎ ይቀየማሉ። ለአማቾቹ ክብር ከመጋዘናቸው የተመረጠ ሽምብራ አምጥተው ነበር። የጊንጪ ጥቁር አፈር ሽምብራ የሚወድ አፈር ነው፤ እሸቱ ሲደርስ መንገዱ ዳር ሁሉ እሱ ነው። እንግዳ በጾም ቀን ሲከበር የሚቀርበውም የሽምብራ አሳ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ የሚገባው። ያን ቀን የሽምብራ አሳው በትልቁ ትሪ መሀል ላይ ነበር። ዙሪያውን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ተደርድሯል።

አዴ ጫልቱ በር ላይ ጥያቄው ሲቀርብላቸው «ምንም፣ ሁሉ ይስማማኛል» አሉ። ቶሎ ነው ያሉት። አዴ አስካለ አንድ አፍታ አዩዋቸውና፣ አማች ናቸውና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨቃጨቁ አሳለፉ።

ማዕዱ ላይ አዴ ጫልቱ ከዳር ከዳር፣ ጎመንና ድንች ብቻ ይቆርሱ ነበር። ወጥ የነካውን እንጀራ በጣታቸው ወደዚያ ይገፉታል።

«ምነው አዴ፣ መሀሉን አልነኩትም እኮ!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«በልቻለሁ፣ ጠግቤአለሁ። ገለቶማ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑ።

«በጎመን ነው የጠገቡት? በግ አጥተን መሰለዎት? ዓርብ ሆኖብን ነው!» ሰው ሳቀ። ጋሽ ደምሴ የሽምብራ አሳውን በእንጀራ ጠቅልለው፣ ትልቅ ጉርሻ አድርገው ዘረጉ። «እንግዲህ የአማች እጅ አይመለስም። በሞቴ!»

አዴ ጫልቱ ልጃቸውን አዩ። ቶሌራ ከመቀመጫው ግማሽ ያህል ተነሣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አዴ ጫልቱ በዓይናቸው አስቀመጡት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

አዴ አስካለ ያን ጊዜ ከጓዳ ጭልፋ ይዘው ሲወጡ ነበር፤ ወደ ዳር የተገፋውን እንጀራና የቶሌራን ፊት አዩ። ጭልፋውን ጣሉት። የወንድማቸውን እጅ አንጓው ላይ ያዙና ወደ ራሳቸው አዙረው፣ ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት። ያን የሚያህል ጉርሻ። እሳቸው ቆመው፣ ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ ያኝካሉ። እንግዶቹ ወደ መሬት ያያሉ። ከዋጡ በኋላ «ዘይት በዝቶበታል» አሉ።

«ምን ማለት ነው ይኼ?» ጋሽ ደምሴ ቀሉ። «የአማቼን ጉርሻ?»

«ለማይስማማቸው ሰው ነው የሰጠኸው።»

«ምኑ ነው የማይስማማቸው? ጾማችንን ንቀው ነው እንጂ! እነሱ ጾም የላቸው፤ የጾም ማዕድ ሲቀርብላቸው እንደ ድርቆሽ አዩት!» ጋሽ ደምሴ ኮታቸውን አንሥተው ነበር። እሳቸው ከዚያ ቤት ከወጡ ነገሩ አበቃ፤ በልጅቱ አባት ቦታ የተቀመጠ ሰው ረግጦ የወጣበት ጋብቻ የለም። ሰናይት በጓዳው በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ደምሴ፣ ተቀመጥ! ጾሙን አይደለም፤ ሽምብራውን ነው! ጎመኑስ የጾም አይደለም? ድንቹስ? እሱን በልተውልሃል። ጾም የናቀ ሰው ጎመንህን ይጨርስልሃል?»

ይህን ሲሉ አዴ ጫልቱ ማልቀስ ጀመሩ። «ሹምቡራ ጉሮሮዬን ይዘጋዋል» አሉ፤ ሽምብራውን በኦሮምኛ ጠርተው። «አንድ ሰርግ ላይ በልቼ ወደቅሁ። መንፈስ ነው ብለው ጸለዩልኝ። ጸሎቱን አልጠላም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሁሉም ያን ቀን እያስታወሰ ያየኛል። እዚህም ብናገር ‹እናቱን የሚጥል ነገር አለ› ብላችሁ ልጄን እንዳትከለክሉት ፈራሁ። እሱንም ‹እንዳትናገር› ብዬ መንገድ ላይ አስምዬዋለሁ።»

እኔ በዚህ ቦታ ማስረዳት እንዳለብኝ ተሰማኝ። የሰውነት መከላከያ ምንም የማይጎዳውን ምግብ በስሕተት ጠላት ነው ብሎ እንዴት እንደሚዘምትበት፣ ጉሮሮ ለምን እንደሚያብጥ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚዘጋ መናገር ጀመርሁ።

«ሽምብራ ነው ጠላት?» አሉ ጋሽ ደምሴ። «መጋዘኔ ሙሉ ጠላት ነው በለኛ!»

«መምህር፣ አስረድተኸናል» አሉ አዴ አስካለ። «አሁን አዲስ እንጀራ አምጣና አዴን እጅ አስታጥብ።»

ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ። ግን ዝም አላሉም። «ትንሽ ትንሽ እያሉ ቢለማመዱትስ?» ብለው ጠየቁ።

«አንተ ትንሽ ትንሽ ዝም ማለትን ተለማመድ።»

መጀመሪያ የሳቁት አዴ ጫልቱ ናቸው። ሰናይትና ቶሌራ ዛሬ ባልና ሚስት የሆኑት በዚያ ሳቅ ነው። አዴ አስካለ ያን ማታ ዕቃ ሲያጥቡ ገና እንደተናደዱ ነበሩ። «ሽምብራው ምን አደረገ?» አሉኝ። «አላውቅም ነበርና አቀረብሁት። ሴትዮዋን ሊገድላቸው የነበረው ይሉኝታ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ «በሞቴ» የሚለው ቃል በማዕዳቸው ላይ ተከለከለ። «እኔ ቤት በማንም ሞት አይበላም» ብለው አወጁ።

ከዚያ በኋላ አደከሙን ብዬ ከጻፍሁት በላይ አደከሙን። አዴ ጫልቱ ሽሮ እንዲበሉ ከባቄላ ብቻ ሽሮ አዘጋጁ። ወፍጮ ቤት ግን ከሽምብራ ቀጥሎ የሚፈጨው ሁሉ የሽምብራ ዱቄት ይነካዋል፤ ስለዚህ ባቄላውን እቤት በሙቀጫ ወቀጡት። ወቀጡት አልሁ እንጂ የወቀጥነው እኛ ተከራዮቹ ነን። ክንዴ ዝሎ «አዴ፣ ሴትዮዋ የሚመጡት በዓመት ስንት ቀን ነው?» ብል «በሚመጡበት ቀን ይበላሉ፤ ውቀጥ» አሉኝ። ጋሽ ደምሴም በመጡ ቁጥር «አዴ ጫልቱ፣ ዛሬስ ከሽምብራ ጋር አልታረቁም?» እያሉ መቀለዳቸውን አልተዉም። እውነቱን ልናገር፣ ያመኑ አይመስለኝም ነበር።

አሁን ወደ ቀብሩ ቀን ልመለስ፤ ልጽፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

የዕድሩ ሴቶች ድንኳን ተክለው፣ ደግ ናቸውና፣ ጓዳውን ተረክበው ሁሉን አሰናዱ። ሥርዓት እናስይዝ ብለው ጭልፋዎቹን ሁሉ በአንድ ገበቴ ዘፍዝፈው አጠቡ። ክሩ ቆሻሻ መስሏቸው በቢላዋ ቆርጠው ጣሉት። እኔ ይህን ያየሁት ከቀብር ስንመለስ ነው። ንጹሕ ጭልፋ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ከድስት ድስት ይዘዋወራል። መጮኽ አማረኝ፤ በለቅሶ ቤት በጭልፋ አይጮኽም። ሰናይት ከሐዘኑ የተነሣ ማንንም አታይም፤ ቶሌራ እሷን ደግፎ ይዟል። እኔ በድንኳኑ በር ላይ እጅ አስታጥባለሁ።

ከቀብር መልስ እጅ ታጥቦ ንፍሮ መቅመስ ወግ ነው። ንፍሮው ስንዴና ባቄላ ነው፤ አገሩ ጊንጪ ነውና ሽምብራም ነበረበት። አዴ ጫልቱ ከሸነን ሌሊት ተነሥተው መጥተው፣ በሴቶቹ ረድፍ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አንዲት የዕድር ሴት መጣችና ከትሪው ዘግና መዳፋቸው ላይ አደረገችላቸው።

«ገለቶሚ ልጄ፣ ይቅርብኝ» አሉ።

«የእሳቸው ንፍሮ ይቀራል እንዴ? በአዴ አስካለ ይዤዎታለሁ፣ አንድ ፍሬ እንኳ ይቅመሱ!»

በአዴ አስካለ ስም! አዴ ጫልቱ መዳፋቸውን ያያሉ። እንባቸው ንፍሮው ላይ ይወርዳል። የሚወዷቸውን ሴት ንፍሮ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንዴት ይመልሱ? እኔ የውኃውን ጆግ ጥዬ በሰው መሀል መግፋት ጀመርሁ፤ ግን ድንኳኑ ሞልቷል፣ ሰው እግሩን ዘርግቷል።

ጋሽ ደምሴ ቀደሙኝ። ከወንዶቹ ረድፍ ተነሥተው፣ ፎጣቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ ቀጥ ብለው መጡ። የአዴ ጫልቱን መዳፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ንፍሮውን ወደ ራሳቸው እጅ ገለበጡ፤ ቆመው፣ እያለቀሱ፣ ጉንጫቸው ተወጥሮ በሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ምን ትገተራለህ? አዴን በሳሙና እጅ አስታጥብ!» አሉ። ለዕድሯ ሴት ደግሞ «ሽምብራውን ነው» አሏት። «ለቅሶውን አይደለም። ሽምብራውን ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታነቡ ትስቁ ይሆናል፤ እኛ ግን አልሳቅንም። ጋሽ ደምሴ ወደ ድንኳኑ በር ሄደው ቆሙ። ከጌዶና ከአምቦ የመጣ ለቀስተኛ መንገድ ሙሉ ተሰልፏል። እሳቸው እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች እያዩ፣ እንባቸውን በፎጣ እየጠረጉ «የማይስማማህ ምንድን ነው?» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ደንግጠው «ኦቦ ደምሴ፣ እኛ ልናለቅስ ነው የመጣነው» ቢሏቸው «ታለቅሳላችሁ፤ መጀመሪያ ንገሩኝ» አሏቸው። ሰልፉ ቆመ። ወጡ ቀዘቀዘ።

እንግዲህ አዴ አስካለ፣ ይህን ለእርስዎ ነግሬ ላብቃ፤ ስለማያቋርጡኝ። አዲስ ክር ገዝቼ ጭልፋዎቹን ሁሉ መልሼ አስሬአለሁ፤ ቀለማቸውም በነበረበት ነው። ባቄላው ተወቅጧል። እሑድ በሩ ክፍት ነው፤ ጋሽ ደምሴ በየሳምንቱ ከአዲስ ዓለም እየመጡ ይቆሙበታል፤ ከእርስዎም ይብሳሉ። ባለፈው እሑድ ስድስት ዓመት የሚያውቁኝን እኔን «የማይስማማህ?» ብለው በር ላይ አቆሙኝ። ጎመን ብዬ ገባሁ። ጎመን አቀረቡልኝ፤ ገና አልለመዱም። ዝም ብዬ በላሁት፤ ድንቹን የሚያጉረመርምልኝ ሰው አልነበረም። ደህና ይረፉ፣ አዴ። አሁን ያሉበት ቤት፣ በሩ ላይ የሚቆመው ማንም ይሁን፣ መጀመሪያ ይጠይቅዎ፤ እርስዎም ይሉኝታ ሳይዝዎት ጨው እንደማይስማማዎት ይንገሩት።